የፕሪሲዝን ሩኪን እንዴት ነው የምናየው? ስለ ኤንኤፍኤል ጀማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦገስት በመጣ ቁጥር ከወዳጆቼ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ፉትቦል ስል ደግሞ የአሜሪካውያኑን ማለቴ ነው። ኤንኤፍኤል የዚያ ፉትቦል ሊግ ነው፤ ፕሪሲዝን ደግሞ ከመደበኛው ውድድር በፊት በኦገስት የሚደረጉት የመሞከሪያ ጨዋታዎች ናቸው።

ሩኪ የሚባለው ማን ነው?

በኤንኤፍኤል የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት ልጅ ነው። አብዛኛው ከኮሌጅ ይመጣል። ኤፕሪል ላይ ድራፍት ይደረጋል፤ 32ቱ ቡድኖች በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። አምና የከፋው ቡድን ተራውን ካልሸጠ ቀድሞ ይመርጣል። ሰባቱ ዙር አልቆ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ደግሞ ከሚፈልገው ቡድን ጋር በራሱ ይፈራረማል። እነዚህን "አንድራፍትድ" ይሏቸዋል።

ስለዚህ ሩኪ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛ ዙር ላይ የተመረጠው የአራት ዓመት ኮንትራትና ዳጎስ ያለ የፊርማ ገንዘብ ይዞ ነው ከውድድሩ በፊት ወደሚደረገው የልምምድ ካምፕ የሚገባው። ስሙ ያልተጠራው ልጅ ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ነው የሚከርመው። አንድ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ የሚጫወቱት ግን ለየቅል ነው።

ፕሪሲዝን ስንት ጨዋታ ነው? ውጤቱስ ይቆጠራል?

ሦስት ነው። እስከ 2019 አራት ነበር። በ2020 በኮሮና ምክንያት ጭራሽ አልተካሄደም። በ2021 መደበኛው ውድድር ወደ 17 ጨዋታ ሲያድግ ፕሪሲዝኑ ወደ ሦስት ወረደ። ካንተን፣ ኦሃዮ በሚደረገው የሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች መታሰቢያ) ጨዋታ የሚገናኙት ሁለት ቡድኖች ብቻ አራተኛ ይጨመርላቸዋል።

ለደረጃ ሰንጠረዡ አይቆጠርም። ለልጆቹ ግን እንጀራቸው ነው።

ቡድኔ ፕሪሲዝኑን በሙሉ አሸነፈ። ዘንድሮ ተሳካልን ማለት ነው?

ኧረ ተረጋጉ። በ2008 ዲትሮይት ላየንስ አራቱንም የፕሪሲዝን ጨዋታ አሸነፉ። ዋናው ውድድር ሲጀመር 16 ተጫውተው 16ቱንም ተሸነፉ። በ2017 ክሊቭላንድ ብራውንስ ያንኑ ታሪክ ቃል በቃል ደገሙት። ባልቲሞር ሬቨንስ ደግሞ 24 የፕሪሲዝን ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ አልበሉም። በኦገስት 2023 ያስቆማቸው የኛው ሰፈር ቡድን ዋሽንግተን ነው፤ 29 ለ28። እኔም ጮኬ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ዋሽንግተን የዚያን ዓመት 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አሰልጣኞች በፕሪሲዝን የሚያሳዩት ተራውን አጨዋወት ነው። ለሴፕቴምበር ያዘጋጁትን ዘዴ በኦገስት ለማንም አያሳዩም። በዚያ ላይ ጨዋታውን የሚጨርሱት በሴፕቴምበር ቡድኑ ውስጥ የማይኖሩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ነጥቡን ትታችሁ ሰዉን እዩ።

ካምፕ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ስንቱስ ይቀራል?

90 ሰው ይገባል፣ 53 ይቀራል። ከ2023 ወዲህ ቅነሳው በአንድ ጊዜ ነው፤ በኦገስት መጨረሻ በአንድ ቀን። 37 ሰው በ32 ቡድን ስታባዙት ከ1,100 በላይ ሰው ነው በአንድ ከሰዓት ከስብስብ የሚወጣው። የተወሰኑት ወደ ፕራክቲስ ስኳድ ይመለሳሉ። እሱ አብሮ እየተለማመደ የሚጠብቅ 16 ሰው ነው፤ ከውጭ አገር ለመጣ ተጫዋች አንድ ተጨማሪ ቦታ ይፈቀዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። 90 ሰው ሲኖር ለየቦታው የተፈቀደው የማሊያ ቁጥር አይበቃም። ስለዚህ በፕሪሲዝን ሁለት ልጆች አንድ ቁጥር ሊለብሱ ይችላሉ፣ አንዱ በማጥቃት አንዱ በመከላከል። ቁጥር ብቻ አይታችሁ "ይሄ ልጅ እሳት ነው" ካላችሁ የሌላውን ልጅ ልታሞግሱ ትችላላችሁ። እኔ ሁለት ጨዋታ ሙሉ የተሳሳተ ልጅ ሳደንቅ ከርሜ አውቃለሁ።

ገንዘቡስ ምን ያህል ይለያያል?

በ2025 53ቱ ውስጥ የገባ ሩኪ ዝቅተኛው የዓመት ደሞዝ 840,000 ዶላር ነበር። ፕራክቲስ ስኳድ ላይ ለሩኪ ዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 13,000 ዶላር ነበር፤ 18ቱንም ሳምንት ከቆየ 234,000 ይሆናል። ከሁለቱም የወጣ ምንም አያገኝም። 53ኛው ሰውና 54ኛው ሰው በችሎታ ለዓይን አይለያዩም፣ በኪስ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። አራተኛው ሩብ ላይ ማንም በማያየው ጨዋታ አንድ ልጅ እንደ እብድ ሲሮጥ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ያ ሁሉ የተወራለት ሩኪ ለምን ትንሽ ተጫውቶ ይወጣል?

ጉዳት ስለሚፈራ ነው። በ1999 የሴንት ሉዊስ ራምስ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ሰው) ትሬንት ግሪን በፕሪሲዝን ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ ዓመቱ ሳይጀመር አለቀበት። ያ ቡድን ከርት ዋርነርን አግኝቶ ሱፐር ቦውል በላ፣ ግን እንዲህ ያለ ዕድል ሁሌ አይመጣም። ዛሬ አንዳንድ አሰልጣኞች፣ ለምሳሌ የራምሱ ሾን ማክቬይ፣ ቋሚዎቻቸውን በፕሪሲዝን ጭራሽ አያስገቡም። በምትኩ ከሌላ ቡድን ጋር አብረው ይለማመዳሉ። እዚያ ቋሚው ከቋሚ ጋር ይገጥማል፣ አሰልጣኙም የፈለገውን ሁኔታ ደጋግሞ ያሠራል። ለኛ በቲቪ አይታይም እንጂ ብዙ ውሳኔ የሚወሰነው እዚያ ነው።

ጄይደን ዳንየልስን አስታውሱ። በ2024 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ በዋሽንግተን ተመረጠ። በፕሪሲዝን ሁለት ጨዋታ ላይ ብቅ ብሎ በጠቅላላው 15 ኳስ ብቻ ወረወረ። በቃ። ከዚያ ቡድኑ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦውል በፊት ያለው ዙር) ደረሰ፣ እሱም የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ሩኪ ተባለ። ትንሽ መጫወት ብዙውን ጊዜ የመታመን ምልክት ነው።

ታዲያ ሩኪ ሲጫወት ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚጫወት። ይሄን ካላያችሁ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። አንደኛው ሩብ ላይ በቋሚ ተከላካይ ፊት አራት ኳስ የያዘ ልጅና በአራተኛው ሩብ ነገ በሚቀነስ ልጅ ፊት ስምንት የያዘ፣ ለኔ የመጀመሪያው ይበልጣል። ሩኪው ከቋሚዎች ጋር ገባ ወይስ ከሦስተኛው ቡድን (ከተጠባባቂዎቹ ተጠባባቂ) ጋር? ሳምንት በሳምንት ቀድሞ እየገባ ነው ወይስ ወደ ኋላ እየተገፋ? አሰልጣኝ ለጋዜጠኛ ሁሉንም ያሞግሳል። እውነተኛ ሐሳቡን የምታውቁት ልጁን ባስገባበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፣ ኳሱን መከተል ተዉ። ካሜራው ኳስ ይከተላልና ዓይናችንም አብሮ ይሄዳል። አንድ ልጅ ምረጡና አምስት ፕሌይ (ኳሱ ተነሥቶ እስኪቆም ያለው አንድ ሙከራ) እሱን ብቻ እዩ። ኳስ ተቀባይ ከሆነ፣ ኳሱ ወደሌላ ሲሄድ ያግዳል ወይስ እጁን አንጠልጥሎ ይቆማል? ኮርነርባክ (ኳስ ተቀባይን የሚዘጋ ተከላካይ) ከሆነ፣ ወደሱ ለምን አልተወረወረም? ሰውየውን ስለዘጋው ነው ወይስ ኳርተርባኩ ሳያየው ቀርቶ? ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ከሆነ የመጀመሪያ እርምጃው ወዴት ነው? ሩኪ ሲያስብ እግሩ ይቆማል። ግማሽ ሰከንድ ነች፣ ግን ታስታውቃለች። በሦስተኛው ጨዋታ ያቺ ግማሽ ሰከንድ ከጠፋች ልጁ ተምሯል።

ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው፤ ስህተቱን ሳይሆን ስህተቱ መደገሙን እዩ። ሩኪ መሳሳቱ አይቀርም። ተጋጣሚም ያቺን ስህተት አንዴ ካያት ደግሞ ይመጣባታል። ልጁ በውስጥ በኩል ከተበላ፣ በሚቀጥለው ፕሌይ ማንም ሰው በውስጥ ነው የሚሄድበት። ያኔ ምን አደረገ? ያስተካከለ ልጅ ይቆያል። ሦስት ጊዜ በአንድ በር የተዘረፈ ልጅ ግን የቱንም ያህል ፈጣን ይሁን ያሰጋኛል።

ኳርተርባክ ላይስ የሚታየው ምንድን ነው?

ከመወርወሩ በፊት ያለው ነገር። ጓደኞቹን ሰብስቦ ጥሪውን ነግሮ በሰዓቱ መስመር ላይ ያደርሳቸዋል? ሰዓት አልቆበት ቅጣት ይሰጥበታል? የመጀመሪያ ምርጫው ሲዘጋ ወደ ሁለተኛው ይዞራል ወይስ ወዲያው ይሮጣል? አሥር ከአሥር የወረወረ ልጅ ሁሉም የሦስት ያርድ ኳስ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይሸወዳል። ዳንየልስ በመጀመሪያ ጨዋታው መስመር ላይ ቆሞ መከላከሉን ካየ በኋላ ፕሌዩን ቀየረና ለዳያሚ ብራውን 42 ያርድ ወረወረ። ብዙው ሰው ርዝመቱን አደነቀ። እኔን የገረመኝ ጥሪውን መቀየሩ ነው። ገና የመጀመሪያ ቀኑ እኮ ነው!

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩም እውነት ይናገራል። በ2016 ዳክ ፕሬስኮት በአራተኛ ዙር፣ 135ኛ ሆኖ ዳላስ ገባ። በፕሪሲዝን አምስት ታችዳውን (ስድስት ነጥብ የሚያስገኘውን ግብ) ወረወረ፣ አንድም ኳስ አልተነጠቀበትም። በሦስተኛው ጨዋታ የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ ቶኒ ሮሞ ጀርባውን ተጎዳ። ፕሬስኮት ገባና 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ልብ በሉ፣ ያንን ቁጥር ያመጣው ከሦስተኛው ቡድን ጋር ብቻ ተጫውቶ አልነበረም።

ኳስ የማይነካውን የመስመር ተጫዋች እንዴት ነው የምገመግመው?

ስሙ ካልተጠራ ጎበዝ ነው። ቀልድ አይደለም። አስተያየት ሰጪው የአንድ ታክልን (በመስመሩ ዳር ቆሞ ኳርተርባኩን የሚጠብቅ ሰው) ስም ደጋግሞ ካነሳ ወይ ቅጣት ተሰጥቶበታል ወይ ኳርተርባኩ ተጥሎበታል። እግሩን እዩ። ሲገፋ ወደ ኋላ ይንሸራተታል ወይስ ተደናቅፎ ይቀመጣል? ተጋጣሚ ሁለት ሰው ቦታ ቀይሮ ሲመጣ ከጎኑ ካለው ጋር ተግባብቶ ይለዋወጣል? ሩኪ የሚጋለጠው በጉልበት ማነስ ብቻ ሳይሆን በዚህ መግባባት ላይ ነው።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ለዛሬ አይገመገምም። ጆርዳን ማይላታ አውስትራሊያዊ የራግቢ ልጅ ነበር፤ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። በ2018 ፊላዴልፊያ በሰባተኛ ዙር፣ 233ኛ ላይ ወሰደው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት አንድም መደበኛ ጨዋታ አልገባም። ዛሬ የኢግልስ ቋሚ ታክልና የሱፐር ቦውል ባለድል ነው። የዚያን ጊዜ "ምን ሠራ?" ብሎ የለካው ሰው ይጥለው ነበር። "የት ሊደርስ ይችላል?" ያለው ግን አቆየው።

ሁሉም ስለ ስፔሻል ቲም የሚያወሩት ለምንድን ነው?

ስፔሻል ቲም ኳስ ሲጠለዝ የሚገባው ቡድን ነው፤ ከ40ኛው ሰው በታች ያለው ሁሉ እንጀራውን የሚበላው እዚያ ስለሆነ ነው። አምስተኛው ኳስ ተቀባይ በማጥቃት ብዙ አይገባም። ኳስ ሲጠለዝ ሮጦ ተቀባዩን የሚጥል ከሆነ ግን ቦታ አለው።

ቴሬል ዴቪስን ጠይቁ። በ1995 ዴንቨር በስድስተኛ ዙር፣ 196ኛ መረጠው። የሚያየው ሰው አልነበረም። ለፕሪሲዝን ጨዋታ ቶኪዮ ሄዱ። ራሱ ደጋግሞ እንዳወራው እዚያ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ቋንቋ አልግባባ ብሎት ቀረ። ጨዋታው ላይ የሳንፍራንሲስኮን ኳስ መላሽ ሮጦ ደርሶ እንደ ግንድ ጣለው። አሰልጣኞቹ "ይሄ ማነው?" አሉ። የመጀመሪያውን መደበኛ ጨዋታ ቋሚ ሆኖ ጀመረ። በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ፣ በ2017 ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ልጅን ያስተዋወቀው ኳስ ያልያዘበት ፕሌይ ነው።

ሩኪያችን በመጀመሪያ ጨዋታው አሳፈረን። አለቀለት?

የለም። በ2021 ጃማር ቼዝ አምስተኛ ተመርጦ ሲንሲናቲ ገባ። በፕሪሲዝን ኳስ ከእጁ እየወደቀ አስቸገረ። ዋሽንግተን ላይ ብቻ ሦስት ጣለ። ሰው ሳቀበት። እሱም የኮሌጁ ኳስ ነጭ መስመር እንዳለውና የኤንኤፍኤሉ እንደሌለው፣ ለማየት እንደተቸገረ ተናገረ፤ በዚህም ሌላ ዙር ተሳቀበት። ከዚያ ዓመቱን በ1,455 ያርድና በ13 ታችዳውን ጨርሶ የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ሩኪ ሆነ። ሲ ጄ ስትራውድም በ2023 የመጀመሪያ የፕሪሲዝን ጨዋታው ላይ አራት ወርውሮ አንዱ ተነጠቀበት። በዋናው ውድድር 23 ታችዳውን ወርውሮ የተነጠቀው 5 ብቻ ነው።

ቼዝ ሰው ጥሎ የመውጣት ችሎታው አልጎደለም ነበር። ኳሱን ጣለ እንጂ ተከላካዩን አልፎ ነፃ ሆኗል። የምትፈሩት ኳስ የጣለውን ሳይሆን ነፃ መሆን ያቃተውን ነው።

ድራፍት ላይ ስሙ ያልተጠራ ልጅ በእውነት ዕድል አለው?

አለው፤ ጠባብ ናት እንጂ። በኦገስት 2010 ቪክቶር ክሩዝ የሚባል ስሙ ያልተጠራ ልጅ ለጃየንትስ ገብቶ ጄትስ ላይ 6 ኳስ ይዞ 145 ያርድና ሦስት ታችዳውን አስቆጠረ። አንድ ማታ ሕይወቱን ቀየረች። ግን የዚያን ዓመት ተጎዳና ምንም አልሠራም። በሚቀጥለው ዓመት ነው 1,536 ያርድ ያመጣው፣ ሱፐር ቦውልም የበላው። ብሮክ ፐርዲ ደግሞ በ2022 262ኛ ነበር፣ ከተመረጡት ሁሉ የመጨረሻው። ሳንፍራንሲስኮ ልምድ ያለውን ኳርተርባክ አሰናብቶ እሱን ሦስተኛ አድርጎ አስቀረ። ሁለቱ ከፊቱ የነበሩት ተጎዱና ዲሴምበር ላይ ቡድኑ የሱ ሆነ።

ሦስቱንም ጨዋታ ያበራ ልጅ ለምን ተቀነሰ?

በቦታው ላይ ሰው ስለሞላ ሊሆን ይችላል። ቡድኑ የሚይዘው ስድስት ኳስ ተቀባይ ከሆነና አምስቱ ከድሮም የታወቁ ከሆኑ፣ ለአንድ ወንበር አራት ልጅ ነው የሚጋፋው። ደግሞ የኃላፊዎች ሒሳብም አለ። ሦስተኛ ዙር ላይ የተመረጠን ልጅ የመረጠው ሥራ አስኪያጅ ገና በኦገስት "ተሳሳትኩ" አይልም። ሁለቱ እኩል ከተጫወቱ ቀድሞ የተመረጠው ይቀራል። ፍትሃዊ አይደለም፣ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው።

ተቃራኒውም ይከሰታል። በ2025 ዋሽንግተን በሰባተኛ ዙር፣ 245ኛ ላይ ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪትን ወሰደ፤ ሰዉ "ቢል" ነው የሚለው። በመጨረሻው የኮሌጅ ዓመቱ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የተጫወተው። ፕሪሲዝኑ ሳያልቅ ቡድኑ ዋና ሯጩን ብራያን ሮቢንሰንን ለሳንፍራንሲስኮ አሳልፎ ሰጠ። ቡድኑ ስለ ልጁ ያሰበውን ከመግለጫ ይልቅ ያ ዝውውር ነገረን።

ቡድኖች ጥሩ ሩኪን ሆን ብለው ይደብቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ የሕጉ ባሕርይ ያስገድዳቸዋል። አራት ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ሲቀነስ ወዲያው ነፃ አይሆንም። ዌይቨር የሚባል ነገር ውስጥ ይገባል። እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ሌሎቹ 31 ቡድኖች "እኔ እወስደዋለሁ" ማለት ይችላሉ። ሁለት ቡድን ከጠየቀ አምና የባሰው ይቀድማል። የወሰደውም ቡድን ከነኮንትራቱ 53ቱ ውስጥ ማስገባት አለበት። ማንም ካልጠየቀው ነው ልጁ ወደ ፕራክቲስ ስኳድ የሚመለሰው።

አሁን ራሳችሁን አሰልጣኝ አድርጉ። ለዘንድሮ ያልደረሰ፣ ለከርሞ ግን የሚሆን ልጅ አላችሁ። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ብታስገቡትና ሁለት ኳስ ቢነጥቅ 31 ቡድን ያየዋል። ስለዚህ "ትንሽ አሞታል" ብሎ ማስቀመጥ ይመጣል። አንድ ጥሩ ሲሠራ የነበረ ልጅ በመጨረሻው ጨዋታ በድንገት ከጠፋ ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ቦታውን አግኝቷል ወይ ደብቀውታል። የቱ እንደሆነ የምታውቁት በቅነሳው ቀን ነው።

መደበቅ ያልፈለገ ቡድን ደግሞ ቦታ ይከፍላል። በ2000 ኒው ኢንግላንድ አንድ ስድስተኛ ዙር ላይ፣ 199ኛ የወሰዱት ቀጭን ኳርተርባክ ነበራቸው። ቡድን ሦስት ኳርተርባክ ይዞ ቦታ ጠበበኝ በሚልበት ጊዜ እነሱ አራት ያዙ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ የወረወረው ሦስት ኳስ ነው፣ አንዱ ብቻ ተያዘ። ስሙ ቶም ብሬዲ ነው፤ በኋላ ሰባት ሱፐር ቦውል የበላው።